ዛፉን በየት በኩል አለፈው? በሌጎ የሚሠራ የበረዶ ላይ ቀልድ

ቀልዱ እንዲህ ነው። አንድ የሌጎ (የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ መጫወቻ ጡቦች) ሰው በስኪ፣ ማለትም በየእግሩ በታሰረ የበረዶ መንሸራተቻ፣ ተንሸራቶ መጥቶ ፈገግ እንዳለ ቆሟል። ከኋላው ሁለት የስኪ ዱካ አለ። ዱካውን ወደ ኋላ ስትከተሉት ዛፍ ታገኛላችሁ፤ አንዱ ዱካ በዛፉ ግራ፣ ሌላው በቀኝ አልፏል። ከዛፉ ጎን ደግሞ ይህን ያየ ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ደርቆ ቀርቷል።

ይህ ቀልድ ያለ በረዶ አይሠራም። የሆነውን ሁሉ መዝግቦ የሚያስቀምጠው በረዶው ነውና፣ ሥራው በሙሉ ዱካው በአንድ እይታ እንዲነበብ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያለው ልኬት ሁሉ የተመረጠው ለዚሁ ሲባል ነው።

መጀመሪያ ሰሌዳው። 16 በ16 የሆኑ ሁለት ስስ ጡቦች (ፕሌት) ያዙ፤ ቀለማቸው ቀላል ግራጫ ወይም ፈዛዛ ሰማያዊ ይሁን። ነጭ አትጠቀሙ። ዱካው የሚታየው ከነጩ ሥር ይህ ቀለም ብቅ ሲል ነው፤ ነጭ በነጭ ላይ ከሆነ ግን ከአንድ ክንድ ርቀት እንኳ አይለይም። በሌጎ ከአንዱ ጉብታ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሁለቱ ሲገጣጠሙ 12.8 በ25.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ከግራ ወደ ቀኝ 16 መስመር፣ ከፊት ወደ ኋላ 32 ረድፍ ብላችሁ ቁጠሩ።

ቀጥሎ የነጩ ንጣፍ ነው። ከ450 በላይ ጉብታ መሸፈን አለበት፤ 2 በ4 ነጭ ፕሌት 45፣ 2 በ2 15፣ 1 በ2 15፣ 1 በ1 ደግሞ 10 ያህል ይበቃል። ንጣፉን ከሰሌዳዎቹ መጋጠሚያ፣ ማለትም ከ16ኛውና ከ17ኛው ረድፍ ጀምሩ። 2 በ4ቶቹን መጋጠሚያው ላይ አሻግራችሁ ስትጫኗቸው ሰሌዳዎቹን አንድ ያደርጓቸዋል። ከጫፍ የጀመረ ሰው መሐል ሲደርስ ሰሌዳው እየተላቀቀ ያስቸግረዋል።

ለዱካው ክፍት የሚተወውን አሁኑኑ መለየት ያስፈልጋል። ፊት ያሉት 8 ረድፎች ሙሉ በሙሉ ነጭ ይሁኑ፤ ሰውየው የሚቆመው እዚያ ነው። በ9ኛው ረድፍ 8ኛውንና 9ኛውን መስመር ክፍት ተዉ። ከዚያ ዱካዎቹ ወደ 7ኛውና ወደ 10ኛው ይከፈታሉ። ከ14ኛው እስከ 19ኛው ረድፍ ዛፉን ለማለፍ ወደ 6ኛውና ወደ 11ኛው ይወጣሉ፤ ከ21ኛው ጀምሮ እስከ ሰሌዳው መጨረሻ ተመልሰው በ7ኛውና በ10ኛው ይሄዳሉ። ለዛፉ ግንድም በ16ኛውና በ17ኛው ረድፍ 8ኛውንና 9ኛውን መስመር ክፍት ተዉ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው መታጠፊያው ላይ ነው። ዱካው ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በሚያልፍበት ረድፍ (10ኛው፣ 13ኛውና 20ኛው) የድሮውም የአዲሱም መስመር ጉብታ አብረው ክፍት መሆን አለባቸው። አለበለዚያ ሁለቱ ክፍተቶች በማዕዘን ብቻ ይነካካሉ፤ ፈሩ የተቆረጠ ይመስላል፣ ተመልካቹም ሰውየው የዘለለ ይመስለዋል።

የሌጎ ሰው እግሮች የተጣበቁ ስለሆኑ በእውነተኛው ስፋት ከተሠራ ሁለቱ ዱካዎች ተዋህደው እንደ አንድ ቦይ ይታያሉ። በመሐላቸው ሁለት መስመር ነጭ የተውነው ለዚህ ነው። ከስኪው ጋር እንዲገናኙ በ9ኛው ረድፍ ጠበው ይገባሉ፤ ለዓይን ይህ ይበቃል።

አንድ ፕሌት ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ለፈር ጥልቀት ትንሽ ያንሳል። በዱካዎቹ ውጪያዊ ዳር 24 ያህል 1 በ2፣ በመሐላቸው ባለው ነጭ ላይ ደግሞ 10 ያህል 2 በ2 ጉብታ የሌላቸው ለስላሳ ነጭ ጡቦች (ታይል) ደርቡ። ፈሩ ወደ 6.4 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል፤ ዳሩም ቢላ እንደቆረጠው ጥርት ይላል። ራቅ ያለው በረዶ ከነጉብታው ቢቀር አይጎዳም።

ነጮቹ ከተለያየ ዘመን ከሆኑ ቀለማቸው ይለያያል፤ ፀሐይ የመታው ነጭ ይቢጫል። ቢጫ የሆነውን ታይል በሚሸፍነው ቦታ ቅበሩት። ሥራው ሲያልቅም መስኮት ላይ አታስቀምጡት።

በአማርኛ «በረዶ» ስንል ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ ሚኒሶታና ስቶክሆልም ደጃፍ ላይ የሚቆለለውንም ነው። ሁለቱ በሌጎ አንድ አይደሉም። 1 በ1 ክብ ነጭ ቁርጥራጭ መሬት ላይ ብትበትኑ የምታገኙት የመጀመሪያውን ነው። ክረምቱን ሙሉ የሚተኛው በረዶ ጠጠር የለውም፤ ወርዶ ከላይ ይጋደማል፣ ማዕዘኑን ይሸፍናል፣ ጎንና ሥር ግን አይገባም።

ይህ ለዛፉም ይሠራል። ግንዱ ቡናማ 2 በ2 ክብ ጡብ ነው፤ በ8ኛውና በ9ኛው መስመር፣ በ16ኛውና በ17ኛው ረድፍ ላይ ከሥረኛው ሰሌዳ ጀምሮ አምስት ደርቡ። መጋጠሚያው ላይ ስለሚያርፍ ሰሌዳዎቹንም ይይዛል። ከላዩ አረንጓዴ 6 በ6 ፕሌት፣ ቡናማ ክብ ጡብ፣ 4 በ4፣ እንደገና ክብ ጡብ፣ ጫፉ ላይ 2 በ2። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከአምስት ጡብ በታች አይውረድ። 6 በ6ቱ ልክ ከዱካዎቹ በላይ ስለሚዘረጋ ዝቅ ካለ ቀልዱን ጃንጥላ ሆኖ ይሸፍነዋል።

ቅርንጫፎቹ ላይ 1 በ2 እና 2 በ2 ነጭ ፕሌት አስቀምጡ፤ የአረንጓዴው ጫፍ እዚህም እዚያም ብቅ ይበል። ዛፉ ሥር ግን የረገፈ በረዶ አታድርጉ። ከረገፈ ተመልካቹ «ተጋጭቷል» ብሎ ይደመድማል፣ እንቆቅልሹም ይፈታል። ዛፉ ምንም እንዳልነካው ነው መቆም ያለበት።

ለስኪው ሁለት ቀይ 1 በ6 ፕሌት በ8ኛውና በ9ኛው መስመር ከ3ኛው እስከ 8ኛው ረድፍ ከነጩ በላይ አጋድሙ። ጫፋቸው ላይ 1 በ1 ተዳፋት ጡብ፣ ከፍተኛ ጎኑን ወደ ፊት አድርጋችሁ ግጠሙ። ፈሩ ውስጥ አታስገቡት፤ ውፍረቱ ከነጩ ንጣፍ ጋር እኩል ስለሆነ የተቀበረ ሰሌዳ ይመስላል። ሰውየው መሐል ላይ ይቁም፣ ፊቱ የተረጋጋ ይሁን። የደነገጠ ፊት ከሰጣችሁት ምን እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው፤ የሚያስቀው አለማወቁ ነው።

የደነገጠውን ፊት ለምስክሩ ስጡት። በ13ኛውና በ14ኛው መስመር፣ ከዛፉ አጠገብ፣ አካሉ ወደ ዛፉ፣ ጭንቅላቱ ወደ ሰውየው ዞሮ ይቁም። እሱም ከሰማይ አልወረደምና ከቀኝ ዳር እስከ እግሩ ሁለት 1 በ1 ክፍተት ተዉለት፣ ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱ ከሌላው ቀደም ብሎ። ይህች ትንሽ ነገር ከተረሳች በረዶው ለአንዱ መስክሮ ለሌላው ዝም ያለ ይሆናል።

የበረዶ ሰው፣ ውሻና መብራት መጨመር ያምራል፤ ዓይንን ግን ከዱካው ይሰርቃሉ። ቦታ ከተረፈ ኋላ ጥግ ላይ ዝቅ ያለ የበረዶ ክምር ይበቃል።

ፎቶ ስታነሡ የጣሪያውን መብራት አጥፉና አንድ መብራት ከጎን፣ ከጠረጴዛው ብዙም ከፍ ሳይል አብሩ። ብርሃኑ ተጋድሞ ሲገባ ፈሩ ውስጥ ጥላ ይጥላል። ነጭ የበዛበትን ትዕይንት ስልክ ግራጫ አድርጎ ማንሣት ስለሚወድ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ስልኩን ከስኪተኛው ራስ በላይ ያዙ፤ ሁለቱም ዱካ እስከ ሰሌዳው መጨረሻ መታየት አለበት።

ለማንም ከማሳየታችሁ በፊት ምንም አታስረዱ። ሰሌዳውን አስቀምጡና ዝም በሉ። ያየው ሰው ጣቱን ዱካው ላይ አድርጎ ከስኪው ወደ ዛፉ ከሄደ ሠርቷል። መንገድ ላይ ከቆመ ጣቱ የቆመበት መታጠፊያ ክፍተት ይጎድለዋል፤ እዚያች ቦታ ያለውን 1 በ1 አንሡ።