ካሜራ የማይመስል የካሜራ ቦርሳ፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ላይ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ቀኑን በአንድ ቦታ አይጨርስም። ማለዳ ጣና ዳር ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ነው፤ ረፋዱ ላይ ገበያ ይገባል፤ ሲመቸው በጀልባ ወደ ዘጌ ይሻገራል፤ ማታ ደግሞ በባጃጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ መካከል ቦርሳው ከትከሻው አይወርድም። ስለ ቦርሳ ምክር የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስንት ሌንስ እንዳላቸው በመንገር ይጀምራሉ። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቃቸው የት እንደሚውሉ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ቦርሳው ቤት ባለው ዕቃ ብዛት ተለክቶ ስለሚገዛ ነው፤ መለካት ያለበት በዕለቱ ሥራ ነው።

ችግር፦ ካሜራው ገና ሳይወጣ ሰው ሁሉ ይዞራል

ገበያ ሲገቡ ጨዋታ ይቆማል፤ ልጆች ይከተላሉ፤ ዓሣ የሚያጸዳው ሰው ቢላዋውን አስቀምጦ፣ ልብሱን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እርስዎ ማንሣት የፈለጉት ያን ሰው በሥራው ላይ እንዳለ ነበር።

ምክንያቱ በመጀመሪያ ቅርጹ ነው። በአራቱም ጎን ወፍራም ስፖንጅ የተሰፋበት ቦርሳ ባዶውንም ሳጥን ይመስላል። መምህርም ሆነ ነጋዴ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም ሆነ ተማሪ እንዲህ ያለ ቦርሳ ስለማያነግት ያየው ሁሉ «ውስጡ ምን ይሆን?» ይላል። ከቅርጹ ቀጥሎ ጽሑፉ አለ። የካሜራው ኩባንያ ስም በትልቅ ነጭ ፊደል ክዳኑ ላይ ይነበባል፤ ወይም ከካሜራው ጋር የመጣው ባለቢጫ ወይም ባለቀይ ጽሑፍ ማንገቻ ከቦርሳው ወጥቶ ይንጠለጠላል። ቀለሙም ቀላል ነገር አይደለም። በጥምቀት ቀን ነጭ በለበሰ ሕዝብ መካከል የሚያብረቀርቅ ጥቁር ናይለን ከሩቅ ይለያል። የአፈር፣ የአመድ ወይም የደረቀ ሣር ቀለም ያለው ሸራ ግን በገበያም በበዓልም ዓይን አይስብም።

ለዚህ ሁልጊዜ አዲስ ቦርሳ መግዛት አያስፈልግም። ያለዎት ቦርሳ ጠንካራ ከሆነ በጨርቁ ላይ የተሰፋውን ምልክት ክሩን ብቻ በምላጭ እየቆረጡ ያውጡት፤ የታተመ ከሆነ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ጨርቅ ያስለጥፉበት። የካሜራውን ማንገቻ ጽሑፍ በሌለው ይቀይሩ። የካሜራ መቆሚያውን ከቦርሳው ውጭ ማሰሩንም ይተዉት፤ ባለሦስት እግሩ ዕቃ ከታየ በኋላ የቦርሳው ቀለም ምንም አይጠቅምም።

አዲስ የሚገዙ ከሆነ ለስላሳውን ይምረጡ። ጂም ዶምኬ የፊላደልፊያ ኢንኳየረር ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነበር። በዘመኑ የነበሩት ቦርሳዎች ለሥራው አልመች ቢሉት በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የራሱን የሸራ ቦርሳ ሠራ፤ የሸራ ቦርሳዎቹ በስሙ እስከ ዛሬ ይሸጣሉ። ቢሊንግሃም የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ደግሞ በ1973 ሥራ ሲጀምር የሚሠራው የዓሣ አጥማጆችን ቦርሳ ነበር፤ ለካሜራ ያዋሉት ፎቶ አንሺዎች ራሳቸው ናቸው። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ጥሩ የካሜራ ቦርሳ የግድ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ መሆን የለበትም።

ስለዚህ አብልጬ የምመክረው ተራ የሸራ ቦርሳ ገዝቶ ውስጡን ልብስ ሰፊ ዘንድ ማሠራት ነው። ካሜራውን ዘወትር ከሚጠቀሙበት ሌንስ ጋር እንደተገጠመ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን ይለኩ፤ በእያንዳንዱ ልኬት ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይጨምሩ። ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በጣት ተጭነው ሲለቁት ወዲያው የሚመለስ ጠጣር ስፖንጅ ይፈልጉ። የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም፤ በካሜራው ክብደት ተጨፍልቆ ይቀራል። ሰፊው ስፖንጁን በለስላሳ ጨርቅ ሸፍኖ ክዳን የሌለው ኪስ አድርጎ ይሰፋዋል። መካከሉ ላይ አንድ መክፈያ ይበቃል። ቦርሳ ሲቀመጥ የሚመታው ከታች ስለሆነ የታችኛው ስፖንጅ እጥፍ ይሁን። ኪሱ ከቦርሳው ጋር መሰፋት የለበትም፤ ወጥቶ የሚገባ ከሆነ ዛሬ በሸራው፣ ነገ በሌላ ቦርሳ ውስጥ ያገለግላል፤ ለብቻውም ይታጠባል። ለጨርቁ ፈካ ያለ ቀለም ይምረጡ። በጥቁር ገበር ውስጥ ጥቁር የሌንስ ክዳን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ቆዳ የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ በእርግጥም ያምራል። ነገር ግን ባዶውንም ይከብዳል፤ ዝናብ ሲጠጣም ቶሎ አይደርቅም። ለክረምት ሸራ ይሻላል።

ችግር፦ ቦርሳው ሲከፈት ይጮኻል

በቅዳሴ መካከል ቬልክሮ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም። ምክንያቱ የክዳኑ መዝጊያ ሻካራና ለስላሳ ጨርቅ ተጣብቆ የሚይዝ መሆኑ ነው። ከለስላሳው ዓይነት ሌላ ቁራጭ በልኩ ቆርጠው በሻካራው ላይ ቢለጥፉት ድምፁ ይጠፋል፤ ወደ ባጃጅ ወይም ወደ ገበያ ሲሄዱ ያነሡታል። በቋሚነት ከተፈለገ ቬልክሮውን አስፈትቶ ዘለበት ማሰፋት ነው። ማግኔት ያለው መዝጊያም ጸጥ ያለ ነው። ማግኔት ሚሞሪ ካርድ ያጠፋል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ አያጠፋም። የባንክ ካርድ ጥቁር መስመር ግን በማግኔት ሊበላሽ ስለሚችል ከመዝጊያው ያርቁት።

ችግር፦ ትከሻና አንገት ያማል

70–200 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ብርሃን የሚያስገባው ክፍተቱ 2.8 የሆነ ረጅም ሌንስ ብቻውን አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ሊመዝን ይችላል። ካሜራ፣ ሁለተኛ ሌንስ፣ ባትሪና ውሃ ሲጨመርበት ሸክሙ በአንድ ትከሻ የሚቻል አይደለም። ቀጭን ማንገቻ ያባብሰዋል፤ እስከ ጭን ወርዶ በየእርምጃው የሚማታ ቦርሳም እንዲሁ።

ማንገቻው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይኑረው። በደረት ላይ አሻግረው ያንግቱት፤ ቦርሳው ከወገብ አጥንት ላይ እንዲያርፍ ያሳጥሩት። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የሚያያዝበትንም ቦታ ልብ ይበሉ፦ የፕላስቲክ መንጠቆ ቀድሞ ይሰበራል። በጎንና በጎን ወርዶ ከቦርሳው ሥር አልፎ የተሰፋ ማንገቻ ግን ክብደቱን ከታች ይሸከማል።

ዋናው መድኃኒት ዕቃ መቀነስ ነው። በዚህ ጉዳይ አልደራደርም። ለገበያና ለሰፈር ጎዳና አንድ ካሜራ ከ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ይበቃል፤ ከ200 ግራም የማይበልጡ ባለ50 ሚሊ ሜትር ሌንሶችም አሉ። ረጅሙን ሌንስ ፔሊካን የተባለውን የውሃ ወፍ ለማንሣት ለሚወጡበት ማለዳ ያቆዩት። ትንሽ ቦርሳ መግዛት ራስን ለማስገደድ ይረዳል፤ ትልቅ ቦርሳ ያለው ሰው ባዶ ቦታ ትቶ ከቤት አይወጣም።

ሱቅ ውስጥ ለመሞከር ግማሽ ሊትር የሚይዙ የታሸጉ የውሃ ጠርሙሶች ይጠቀሙ። እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። የዕቃዎን ክብደት የሚያህል ጠርሙስ ከትተው ሩብ ሰዓት ያህል ይንሸራሸሩ። ባለሱቁ ቅር ካለው «ወንድሜ፣ ሳልሞክር አልገዛም» ይበሉት።

ችግር፦ ካሜራው እስኪወጣ ታንኳው አልፏል

የደንገል ታንኳ ቀስ ብሎ የሚሄድ ይመስላል፤ ከፀሐይ መውጫ ጋር የሚገጥምበት ቅጽበት ግን አይቆይም። መዘግየቱ የሚመጣው ካሜራውና ሌንሱ ተለያይተው ስለሚቀመጡ፣ ወይም ሁለት ዘለበትና አንድ ዚፕ ስለሚፈቱ ነው። ሌንሱን እንደተገጠመ ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡ፤ የካሜራው መያዣ ወደ ቀኝ እጅዎ ይዙር። ቦርሳውን በአንድ እጅ፣ ሳያዩ መክፈት ካቃተዎት ያ ቦርሳ ለጎዳና ሥራ አይሆንም።

የዚህ ተቃራኒ ችግርም አለ፤ ጎንበስ ሲሉ ሌንስ ዱብ ይላል። ክዳኑ በማግኔት ብቻ የሚያዝ ከሆነ ወይም ጎንና ጎኑ ክፍት ከሆነ ይህ መድረሱ አይቀርም። ቦርሳውን ሞልተው ዝጉትና አልጋ ላይ ይገልብጡት። የሚወድቅ ነገር ካለ ክዳኑ አጭር ነው፤ ጎኑ ላይ ጆሮ የሚሆን ጨርቅ ያሰፉበት።

ችግር፦ ከጀልባ ሲወርዱ የቦርሳው ውስጥ ርሷል

ጨርቁ ውሃ የማያስገባ ተብሎ የተገዛ ቦርሳ ለምን ይርሳል? ውሃው የሚገባው በጨርቁ ሳይሆን በስፌቱ ቀዳዳና በዚፑ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የጀልባው ወለል ላይ የተጠራቀመው ውሃ ነው ጉዳቱን የሚያደርሰው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ እየረጨ ይገባል፤ ወለል ላይ የተቀመጠ ቦርሳ ከታች እየጠጣ ይቆያል፤ የሚታወቀው ዘጌ ሲወርዱ ነው።

ቦርሳውን ጭን ላይ ያኑሩ። ወደ ገዳማቱ በማለዳ መሻገር ለብርሃኑም ለቦርሳውም ይበጃል። ከቦርሳዎች ጋር የሚመጣው የዝናብ ልብስ ብዙ ጊዜ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ነው፤ ከላይ ሲለብስ ያንን ሁሉ መደበቅ በአንድ ጊዜ ያፈርሰዋል። እኔ የምመርጠው ከውስጥ መከላከልን ነው። የስፖንጁን ኪስ ከማስገባትዎ በፊት ወፍራም፣ አፉ የሚጠቀለል የፕላስቲክ ከረጢት በቦርሳው ውስጥ ያንጥፉ። ዝናብ ሲመጣ አፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅልለው ክዳኑን ይዘጉበታል፤ ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ጢስ ዓባይ ላይ በክረምት ፏፏቴው ሲሞላ የሚነሣው ርጭት ከዝናብ አይተናነስም፤ እዚያም ሌንስ የሚቀየረው ጀርባን ለፏፏቴው ሰጥቶ ወይም ራቅ ብሎ ነው።

ችግር፦ ባጃጅ ውስጥና በገበያ ግፊያ ልብ አያርፍም

የባጃጅ ጎን ክፍት ነው፤ ቦርሳው በዚያ በኩል ከዋለ ማንገቻው ወደ ውጭ ይንጠለጠላል። ማንገቻውን ሳያወልቁ ቦርሳውን ጭንዎ ላይ፣ ከክፍቱ ጎን ርቆ ያስቀምጡት። በገበያ ወደ ፊት ያዙሩት። ሚሞሪ ካርድና ገንዘብ በውጭ ኪስ አይቀመጡ። ነጠላ የሚለብሱ ሴቶች ቦርሳውን ከነጠላው ሥር ማድረግ ይችላሉ፤ ከዚህ የተሻለ መሸፈኛ ማንም ኩባንያ አልሠራም።

ችግር፦ በገዳም በር ላይ ቦርሳው ጥርጣሬ ያስነሣል

ይህ በቦርሳ የሚፈታ ችግር አይደለም። የማይታይ ቦርሳ የሚፈለገው ሰዎች በተፈጥሯቸው እንዲቆዩና ንብረታችን እንዲጠበቅ ነው፤ ያልተፈቀደ ፎቶ ለመስረቅ አይደለም። ዑራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ ሌላ ገዳም ሲደርሱ ቦርሳውን በሩ ላይ ራስዎ ይክፈቱ። «አባታችን ይፍቱኝ፤ ካሜራ ይዣለሁ፤ እስከ የት ድረስ ማንሣት ይፈቀዳል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ በመልካም ፊት ይስተናገዳል። ካልተፈቀደም ቦርሳው ተዘግቶ ይቆያል።

ከውስጥ ብርሃኑ ደብዛዛ ነው። ፍላሽ ለሥዕሎቹም ለጸሎተኛውም አይስማማም፤ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ባለ1.8 ክፍተት አጭር ሌንስ ይዘው ከሄዱ ፍላሹን ቤት ትተው ቦርሳውን ያቀልላሉ። ጫማ ለማውለቅ ሲያጎነብሱ ቦርሳው ወደ ፊት እንዳይወናጨፍ ወደ ጀርባ ያዙሩት።

ችግር፦ ሌንሱ ውስጥ ድር የመሰለ ነገር ይታያል

ሻጋታ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ይራባል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ጣና ዳር ለዚህ ምቹ ነው። የቦርሳ ስፖንጅ እርጥበት ይይዛል፤ ጨለማ ነው፤ አየርም አይገባውም። ቦርሳ መሸከሚያ እንጂ ማከማቻ አይደለም። ማታ ካሜራና ሌንሶቹን አውጥተው ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ያኑሯቸው። ቀለም የሚቀይረውን ዓይነት ቢያገኙ መቼ እንደጠገበ ያሳያል፤ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለተወሰኑ ሰዓታት ሲሞቅ እንደገና ይሠራል፤ ምግብ በሚበሰልበት ዕቃ ግን አይሙቅ። ሩዝ መጠቀም ዱቄት ከማስገባት በቀር የሚፈይደው ትንሽ ነው።

ድሩ ትንሽ ከሆነና በሌንሱ ውጫዊ መስታወት ላይ ካለ ለስላሳ ጨርቅና የሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ ይበቃሉ። ከውስጥ ከሆነ ራስዎ አይፍቱት፤ ለጠጋኝ ይስጡ፤ እስከዚያም ከሌሎቹ ሌንሶች ለይተው ያስቀምጡት። ቦርሳውን ደግሞ ስፖንጁን አውጥተው፣ ኪሶቹን ገልብጠው ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ የስፌቱ መጋጠሚያ በጣት ሲዳሰስ ደረቅ እስኪሆን ድረስ ካሜራ አይግባበት።