የድሮ ጭቃ ቤትን የውጭ ምርጊት ማደስ

የጭቃ ግድግዳ ሲሰነጣጠቅ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ስሚንቶ ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ ብዙ የድሮ ቤት የተበላሸውም በዚሁ ነው። ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስሚንቶ ግን አብሮት አይሄድም። ልስኑ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው የክረምት ውሃ መውጫ ያጣል፣ ውስጥ ውስጡን ማገሩ ይበሰብሳል። ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ በጣት ሲያንኳኩት ግን ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የጭቃ ቤት በጭቃ ይታደስ።

ሥራው የሚጀመረው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ነው።

መጀመሪያ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ይፈለግ። ቆርቆሮው ከግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ካልወጣ፣ ጠፈጠፉ መሬት ነጥሮ ግርጌውን ይመታዋል፤ ያኔ የትኛውም ምርጊት ይረግፋል። ግርጌው ላይ የተከመረ አፈር ይጠረግ፣ ውሃው የሚሄድበት ቦይ ይቆፈር። ምስጥም የሚወጣው በተከመረው አፈር በኩል ነው።

የላላው ምርጊት እስከ ማገሩ ድረስ ይራገፍ። ማገሩን በሚስማር መውጋት ነው፤ ሚስማሩ ያለ ጉልበት ከገባ ይቀየራል። ቋሚው ጥድ ወይም ወይራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ቶሎ የሚበላው በኋላ የገባው ባሕር ዛፍ ነው።

ለአፈሩ ቀዩ ይመረጣል። ዋልካ (ጥቁሩ አፈር) ብቻውን ሲደርቅ በሰፊው ይሰነጠቃል። አፈሩን ለመሞከር 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ጭቃ ሠርቶ ጥላ ሥር ማድረቅ ነው። ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ከሆነ አሸዋና ጭድ ይጨመር፤ በጣት ሲፈገፍጉት የሚረግፍ ከሆነ አሸዋው በዝቷል።

ለ4 ባልዲ አፈር 1 ባልዲ የታጨቀ የጤፍ ጭድ ጥሩ መነሻ ነው። በእግር እየረገጡ ማቡካት፣ ከዚያ ውሃ እያጠጡ ቢያንስ አንድ ሳምንት ማቆየት። እዚህ ላይ መቸኮል ያስከፍላል፦ ያልበሰለ ጭቃ ከማገር አይጣበቅም። ጭዱ ለስልሶ፣ ሽታው ተቀይሮ፣ ጭቃው እንደ ሊጥ እየተሳበ ከእጅ ሲለቅ ደርሷል።

ግድግዳው በውሃ ይርጠብ፤ ጭቃው በኃይል ይወርወር፣ ማገሩን አልፎ ይግባ። ፊቱን በጣት መፋቅ ለሁለተኛው ንብር መያዣ ይሆናል። የመጀመሪያው ሲደርቅ መሰንጠቁ አያስደነግጥም። በደንብ ሳይደርቅ ግን ሁለተኛውን መደረብ ሁለቱንም ያረግፋል። ሁለተኛው ከተነፋ አፈርና ከደቃቅ ጭድ ተቦክቶ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይለጠፋል።

ማጠናቀቂያው ትኩስ የከብት እበት ከደቃቅ አፈርና ከአመድ ጋር ተበጥብጦ በእጅ የሚቀባ ነው። ነጭ የሚፈልግ ኖራን በቀጭኑ ደጋግሞ፣ ግድግዳውን እያረጠበ ይቀባ፤ አንዴ በወፍራሙ የተቀባ ኖራ ይላጣል።

ከአፈሩ አንድ ማዳበሪያ ያህል ይቀመጥ። ከክረምት በኋላ ግርጌው ሲጠገን ቀለሙም ጠባዩም ከቀድሞው ጋር ይገጥማል።