ነጠላ የለበሰችን ተዋናይ ከግሪን ስክሪን አውጥቶ ቸርችል ጎዳና ላይ ማቆም

የግሪን ስክሪን ሥራ፣ ማለትም ሰውን አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቀርጾ ጨርቁን በሌላ ቦታ ምስል መተካት፣ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ አይደለም። ቀረጻው ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ መጀመሪያ ጀርባውን (ከኋላዋ የሚታየውን ቦታ) ቅረጹ፣ ተዋናይቷን በኋላ።

ቸርችል ጎዳና ላይ የቆመች ሴት ማሳየት ፈለጋችሁ እንበል። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ቆማችሁ ቁልቁል ወደ ለገሃር ስትቀርጹ ፀሐይ የምትመጣው ከፍሬሙ በስተግራ ነው። ይህን ጻፉት። የካሜራውን ከፍታ፣ የሌንሱን ሚሊሜትር፣ ካሜራው ምን ያህል ወደ ታች እንዳዘነበለም ጻፉ። ስቱዲዮ ስትገቡ ሁሉም እንደዚያው ይሁን፤ ዋናው መብራት ከግራ፣ ከፍ ብሎ ይሰቀል። መብራቱ ከቀኝ ከመጣ ቀለም በማስተካከል አይድንም። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አይዋጥለትም።

ጨርቁን መርካቶ ግዙ፣ ችግር የለውም። ብቻ የማያብለጨልጭ ይሁን፣ ተተኩሶ ይወጠር፣ የራሱ መብራት ይኑረው፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይብራ። ተዋናይቷን ከጨርቁ 2 ወይም 3 ሜትር አርቋት፤ ያኔ አረንጓዴው ትከሻዋ ላይ ብዙም አያርፍም፣ ጥላዋም ጨርቁን አይነካም። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ምስሉ እንዳይርገበገብ ሻተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርጉ። እጇን የምታወናጭፍ ከሆነ 1/100 ይሻላል። ካሜራው 4:2:2 የሚባለው የቀለም አመዘጋገብ ካለው እሱን ምረጡ፤ 4:2:0 የሚይዘው የቀለም ዝርዝር የብርሃኑን ሩብ ብቻ ስለሆነ የፀጉር ጫፍ ይቆራረጣል። የቀሚሷ ጥለት አረንጓዴ ካለበት ደግሞ ሰማያዊ ጨርቅ ተጠቀሙ፣ አለበለዚያ በጥለቱ በኩል መንገዱ ይታያል።

አሁን ወደ ነጠላው። ነጠላ ስስ ነው፣ ከኋላው ያለው አረንጓዴ በክሮቹ መሃል ያልፋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ማቱን (የሚቀረውን ነጭ፣ የሚጠፋውን ጥቁር አድርጎ የሚያሳየውን ምስል) ያከርረውና ነጠላው እንደ ካርቶን ይደርቃል፣ ወይ ጫፉ ይበጣጠሳል። እኔ ኪይንጉን (አረንጓዴውን ማጥፋቱን) ሁለት ጊዜ ነው የምሠራው። የዳቪንቺ ሪዞልቭ (የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) ነፃው ቅጂ ውስጥ፣ ፊውዥን ገጽ ላይ፣ ዴልታ ኪየር የሚባል የኪይንግ መሣሪያ አለላችሁ። የመጀመሪያው ኪይ ጠንካራ ነው፤ ፊቷንና አካሏን ብቻ ይይዛል፣ ጠርዙን ትንሽ ወደ ውስጥ አጥብቡት። ሁለተኛው ለስላሳ ነው፣ ለፀጉሯና ለነጠላዋ። ማቱን ለብቻው ክፈቱና እዩት፤ ነጠላው ግራጫ ሆኖ መታየት አለበት። ግራጫው ነው የኋላውን መንገድ በስሱ የሚያሳልፈው። ነጭ እስኪሆን ከገፋችሁት አለቀ። ከዚያ እሷ ላይ የቀረውን አረንጓዴ ነጸብራቅ በዲስፒል (አረንጓዴውን በሚቀንሰው ማስተካከያ) አንሱ፣ ግን በልኩ፤ ስታበዙት ነጩ ጥጥ ወደ ሮዝ ይሄዳል።

ሴትየዋንና ጀርባውን ስታገናኙ ቀለሙን አጥፍታችሁ በጥቁርና ነጭ ተመልከቱ። የፀጉሯን ጥቁረት ከሩቁ ሕንፃ ጋር አታወዳድሩት፣ እሱ በአቧራና በጭስ ደብዝዟል። በቅርብ ከቆመው ሚኒባስ ጎማ ጋር አመሳስሉት። ላይት ራፕ (የጀርባው ብርሃን ጠርዟ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ) ጥቂት ብቻ፣ ጠርዟ እስኪያበራ ድረስ አይደለም። ጀርባው ትንሽ ግሬይን (የምስል ብናኝ) ካለው እሷም ላይ ያንኑ ያህል ጨምሩ።

እግሯ የሚታይ ከሆነ ጥላው ወደ ቀኝ ይውደቅ። ከእሱ በፊት ግን ከጫማዋ ሶል ሥር ያለችውን ቀጭን፣ ጠቆር ያለች ጥላ ሥሩ። እሷ ከሌለች ሴትየዋ አስፋልቱን አልረገጠችም።