የሁሜልን የማንዶሊን ኮንቼርቶ የሚያበላሹ ስህተቶች

የሙዚቃ ደራሲው ሁሜል የማንዶሊን ኮንቼርቶውን፣ ማለትም ማንዶሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበትን ድርሰት፣ በጂ ሜጀር የጻፈው በ1799 እ.ኤ.አ. ነው። ኖታው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ለዚህ ነው ጀማሪው ሁሉ ዘሎ የሚገባበት። ሰሞኑን ያንኑ የለመድኩትን ጥፋት ደግሜ ሰማሁና ትዕግሥቴ አለቀ።

ጥፋቱ ትሬሞሎ ነው። ረዘም ያለች ኖታ ባዩ ቁጥር ክር መምቻውን ፒክ ማርገብገብ፣ ያችኑ ኖታ በፍጥነት እየደጋገሙ መምታት! ኧረ ተዉ! ያ የማያቋርጥ ርግብግብታ የማንዶሊን መለያ የሆነው በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በሁሜል ዘመን አልፎ አልፎ ጣል የሚደረግ ጌጥ ነበር። ኮንቼርቶው የተጻፈለት ጣሊያናዊ ባርቶሎሜዎ ቦርቶላዚ የሚጫወተው ማንዶሊን አራት ነጠላ ክር ነበረው፤ ክሩም እንደ በገና አውታር ከአንጀት የተሠራ። ድምፁ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ሁሜልም ይህን ያውቃል፤ ሙዚቃውን በፈጣን የኖታ ሩጫና ኖታ በኖታ በተበታተነ ኮርድ የሞላው ለዚያ ነው።

ሁለተኛውን ክፍል እዩት። አንዳንቴ (ረጋ ያለ) ነው፣ ከነቫሪዬሽኖቹ፤ አንዱ ዜማ መልኩን እየለዋወጠ ይመለሳል። ዋናውን ዜማ ገና ከመነሻው በትሬሞሎ ከሸፈናችሁት፣ ቫሪዬሽኖቹ ላይ ስትደርሱ ምን ልትጨምሩበት ነው? አንድ ተማሪ «ድምፁ ሲጠፋ ባዶ ይሆንብኛል» አለኝ። አልፈረድኩበትም። አንድ ገጽ ያለ ትሬሞሎ አስጫወትኩትና ከጓደኞቹ ጋር ቀዳናቸው። መልሶ ሲያዳምጠው ባዶ በመሰለው ቦታ ላይ ቫዮሊኖቹ ሲመልሱለት ሰማ። ለካ እስከዚያ ድረስ ሲጮህባቸው ነበር።

ቫዮሊን የሚችሉ ልጆች ሌላ ጣጣ አለባቸው። ቅኝቱ አንድ ነው፤ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። ግራ እጃቸው ቶሎ ቤቱን ያገኛል፣ እነሱም ቻልነው ይላሉ። ቀኝ እጁ ግን ሁሉንም ኖታ ወደ ታች ይመታና ሩጫው ሲመጣ ይቆለፋል። ከክር ወደ ክር በምትዘሉበት ቦታ ሁሉ ፒኩ ይውረድ ወይስ ይውጣ? በእርሳስ ኖታው ላይ አስምሩት።

የዛሬው ማንዶሊን 8 ክር ነው፣ ጥንድ ጥንድ፤ ሳትቃኙ አትጀምሩ።

የመጀመሪያው ክፍል «አሌግሮ ሞዴራቶ ኤ ግራዚዮሶ» ይላል፤ ፈጠን ያለ፣ ግን በልኩና በለዛ ማለት ነው። ሰው አሌግሮዋን ብቻ አንብቦ ይነዳዋል። ሞዴራቶውስ? ግራዚዮሶውስ?

የመጨረሻው ጥፋት የተጫዋቹ ሳይሆን የመሪው ነው። ኦርኬስትራው ላይ ፍሉትና ሆርንም አሉ፤ ማንዶሊን ደግሞ ድምፁ ትንሽ ነው። እሱ ሲጫወት ከየቫዮሊኑ፣ ከቪዮላውና ከቼሎው አንድ አንድ ሰው ይበቃል። ሌላው ማንዶሊኑ ሲያርፍ ይግባ። ልጁን «ጮክ በል እንጂ» እያሉ መነዝነዝ ትርፉ ድካም ነው። ባጠነከረ ቁጥር የሚሰማው ፒኩ ክሩን ሲገጨው ብቻ ነው።