አውሮፕላን ብረት ውስጥ ተቋጥሮ የቀረ ጫና ሳይቆርጡ እንዴት ይለካል?

ጎንደር ሆናችሁ መካኒካል የምታጠኑ፣ ወይም አዘዞ ኤርፖርት አውሮፕላን ሲያርፍ እያያችሁ "ይሄ እግር ግን ስንት ይችላል?" የምትሉ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ብረቱ የሚሸከመው የአውሮፕላኑን ክብደት ብቻ አይደለም። ሲቀጠቀጥ፣ ሲበየድ፣ ሲሞረድ ውስጡ ተቋጥሮ የሚቀር ጫና አለ፤ ሪዚጁዋል ስትረስ ይሉታል። ገጹን የሚያምቅ ከሆነ ስንጥቅ ያዘገያል፤ ጥቃቅን ኳሶችን በኃይል እያፈናጠሩ ገጹን የሚደበድቡት (ሾት ፒኒንግ) ለዚሁ ነው። የሚለጥጥ ከሆነ ግን ጣጣ ነው።

መጀመሪያ ብረቱ ምን እንደሆነ እወቁ። ማግኔት የሚስበው ስቲል ከሆነ ባርክሃውሰን ኖይዝ (ብረቱ በማግኔት ሲነቃነቅ ከውስጡ የሚወጣውን ጥቃቅን የማግኔት ምልክት የሚያነብ ዘዴ) ፈጣን ነው፤ ሲሞረድ የተቃጠለ ቦታ ቶሎ ያጋልጣል። የብረቱ ጥንካሬ ሲለያይም ንባቡ ስለሚለወጥ ጫናው ከሚታወቅ ተመሳሳይ ናሙና ጋር አስተያዩት። አሉሚኒየምና ታይታኒየም ላይ ግን በከንቱ አትልፉ።

ለሁሉም የሚሆነው ኤክስሬይ ዲፍራክሽን ነው። ጫና ሲኖር በአተሞቹ ረድፎች መካከል ያለው ርቀት ይቀየራል፣ ጨረሩ የሚመለስበት አንግልም አብሮ ይቀየራል፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1915 ኖቤል የተሸለሙት አባትና ልጅ፣ ብራጎች፣ ያወጡት ነው። ጨረሩን ለሚያመነጨው ቱቦ፣ ለስቲል የክሮሚየም፣ ለታይታኒየም የመዳብ ይመረጣል። ጨረሩን በተለያየ ዘንበል፣ ለምሳሌ ከ-45 እስከ +45 ዲግሪ፣ እያደረጋችሁ ርቀቱን ለኩና ከዘንበሉ የሳይን ካሬ ጋር ግራፍ ላይ አስቀምጡት። መስመሩ ከወረደ የሚያምቅ ነው፣ ከወጣ የሚለጥጥ። የ+ እና የ- ነጥቦቹ ከተለያዩ ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት የማሽኑን አቀማመጥ ፈትሹ። ጫና የሌለበት የብረት ዱቄትም ለኩ፤ ወደ ዜሮ ካልተጠጋ ችግሩ ከማሽኑ ነው።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት ግን ገጹ ላይ ነው። ጨረሩ ስቲል ውስጥ ከ10 ማይክሮሜትር ብዙም አያልፍም፣ ስለዚህ "ትንሽ ላጽዳው" ብላችሁ ሳንድ ፔፐር ካስነካችሁት የምትለኩት የእጃችሁን ሥራ እንጂ የፋብሪካውን አይደለም። ግራይንደርማ ጭራሽ! ቀለሙን ለብረቱ በተፈቀደ ማስለቀቂያ ብቻ አንሱ፤ አሲድ ያለበት ከሆነ በጣም ጠንካራ ስቲል ውስጥ ሃይድሮጅን አስገብቶ ተሰባሪ ያደርገዋል። የለካችሁበትን ነጥብና አቅጣጫ ጻፉ፣ ጫናው በርዝመቱና በወርዱ አንድ አይደለምና።

ጠለቅ ብሎ ማየት ካስፈለገ ገጹን በኤሌክትሮፖሊሽ (በፈሳሽና በኤሌክትሪክ እያሟሙ) በስሱ እየላጡ መለካት ይቻላል፤ ያኔ ግን ዕቃው ተነክቷል፣ ተመልሶ አይበርም። ሳይነካ ሴንቲሜትሮች ዘልቆ የሚያየው በኤክስሬይ ፈንታ የኒውትሮን ጨረር ነው፣ እሱ ደግሞ ሪአክተር ወይም ትልቅ አክስለሬተር ይፈልጋል።