ከውጭ አገር የማስተማር ሥራ ሲሰናበቱ ውልዎን እንዴት ይዘጋሉ? ከባሕር ዳር ለሄዱ መምህራን

ባሕር ዳር መምህር የምታፈራ ከተማ ናት። በ1972 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና ዛሬም ሰው ሁሉ ፔዳ እያለ የሚጠራው የመምህራን ማሠልጠኛ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊትም በኋላም ለአገሪቱ ትምህርት ቤቶች መምህራን ሲያወጣ ኖሯል። ከእነዚህ መካከል የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ወደ ዱባይ፣ ወደ ሻርጃ፣ ወደ ሪያድና ወደ ጅዳ የግል ትምህርት ቤቶች የሚያቀኑ አሉ። ሲሸኛቸው ዘመድ ሁሉ ስለ ደመወዙ ይጠይቃል። ሥራው በድንገት ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግ ግን የሚነግራቸው ሰው እምብዛም የለም።

ከሥራ መሰናበት በራሱ ውሉን አይዘጋውም። ትምህርት ቤቱ የሚከፍለው፣ መምህሩ የሚያስረክበው፣ አገር ቤት ደግሞ ዋስ ሆኖ የፈረመ ዘመድ የሚጠየቅበት ጉዳይ አለ። እነዚህን ሁሉ በአግባቡ መጨረስ ይቻላል፤ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና የሳዑዲ ዓረቢያ ሕጎች የግል ትምህርት ቤቶችን የሚመለከቱ ናቸው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ወይም እንደ ዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል ባለ፣ የራሱ የሥራ ሕግ ባለው ነፃ ቀጠና የተቀጠረ መምህር የራሱን ደንብ ማየት ይኖርበታል።

መጀመሪያ፦ የስንብት ደብዳቤ ይቀበሉ እንጂ የመልቀቂያ ማመልከቻ አይጻፉ

ከሁሉም በላይ መምህራንን የሚጎዳው ይህ ነው። ርእሰ መምህሩ ቢሮው ይጠራዎትና በለሰለሰ አንደበት፣ “ለወደፊቱ ስምዎ እንዳይበላሽ፣ በራስዎ ፈቃድ እንደለቀቁ አድርገው ይጻፉልን” ይላል። ለእርስዎ የታሰበ ይመስላል። በዚያች አንድ ገጽ ላይ የሚፈርሙት ግን ገንዘብዎን ነው።

ሳዑዲን እንውሰድ። በዚያ አገር የሥራ ሕግ መሠረት አሠሪው ካሰናበተዎት፣ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የግማሽ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ ለየዓመቱ የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ክፍያ ያገኛሉ። በራስዎ ፈቃድ ከለቀቁ ግን ከ2 ዓመት በታች ላገለገለ ምንም የለም፤ ከ2 እስከ 5 ዓመት ላገለገለ አንድ ሦስተኛው፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ላገለገለ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይከፈላል። 6,000 ሪያል እየተከፈለዎት 3 ዓመት አስተምረው ከሆነ፣ ተሰናባች ሲሆኑ 9,000 ሪያል፣ ለቃቂ ሲሆኑ 3,000 ሪያል ማለት ነው። (ለሴት መምህራን አንድ ልዩ መብት አለ፤ ካገባች በ6 ወር ወይም ከወለደች በ3 ወር ውስጥ የለቀቀች ሠራተኛ ክፍያዋ ሙሉ ነው። ብዙዎች ስለማያውቁት ሳይጠይቁት ይቀራሉ።)

በኤምሬቶችም መልቀቂያ መጻፍ ሌላ በር ይዘጋል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠራተኛው ሥራ ቢያጣ የሚጠቀምበት ኢንሹራንስ መግባት ግዴታ ሆኗል፤ መሠረታዊ ደመወዙ፣ ማለትም አበል ሳይጨምር የሚቆጠረው፣ ከ16,000 ዲርሃም ያልበለጠ ሰው በወር 5 ዲርሃም ይከፍላል። 12 ተከታታይ ወራት የከፈለ ሠራተኛ ሥራውን ሲያጣ የመሠረታዊ ደመወዙን 60 በመቶ እስከ 3 ወር ድረስ ያገኛል። ነገር ግን በራሱ ፈቃድ የለቀቀና በዲሲፕሊን ጥፋት የተባረረ ሰው አይከፈለውም፤ ጥያቄውም ሥራው ከተቋረጠ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት።

ስለዚህ ርእሰ መምህሩን በትሕትና፣ “ውሳኔው የትምህርት ቤቱ ስለሆነ ደብዳቤውም ከትምህርት ቤቱ ይምጣልኝ” ይበሉት። በቃል ብቻ ከተነገረዎት የዚያኑ ዕለት በኢሜይል፣ “ዛሬ ከሥራ መሰናበቴን ነግራችሁኛል፤ ምክንያቱን በጽሑፍ እጠይቃለሁ” ብለው ይላኩ። የትምህርት ቤቱ ኢሜይል አድራሻዎ ሊዘጋ ስለሚችል ቅጂውን ወደ ግል አድራሻዎ ይላኩ። የደመወዝ መግለጫዎችን፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዎችንና ውሉን ራሱንም አብረው ያውጡ።

ቀጥሎ፦ ውሉን ቀን እየቆጠሩ ያንብቡ

በሁለቱም አገሮች ክርክር ሲነሣ የሚጸናው የዓረብኛው ቅጂ ነው። በእንግሊዝኛው ብቻ ተማምነው የፈረሙ ከሆነ አሁን ዓረብኛውን የሚያነብልዎ ሰው ይፈልጉ።

ከዚያ የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ይፈልጉ። በኤምሬቶቹ የ2021 እ.ኤ.አ. የሥራ ሕግ ቁጥር 33 መሠረት የማስጠንቀቂያው ጊዜ ከ30 ቀን ሊያንስ፣ ከ90 ቀን ሊበልጥ አይችልም። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የሚያቋርጥ ወገን የዚያን ጊዜ ደመወዝ ለሌላው ይከፍላል። ይህ እርስዎንም ይይዛል፤ ተናድደው ሻንጣዎን አንሥተው ቢወጡ ባለ ዕዳው እርስዎ ይሆናሉ። በሙከራ ጊዜ፣ ማለትም ቢበዛ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ከሆኑ፣ አሠሪው ቢያንስ የ14 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የሐምሌንና የነሐሴን ደመወዝ ላለመክፈል ማሰናበቻውን ለትምህርት ዘመኑ ማብቂያ ያቆዩታል። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ትምህርት በሌለበት ወቅት ላይ ቢወድቅም ደመወዝ የሚከፈልበት ጊዜ ነውና አይተዉት። ሲቆጥሩም ሁሉንም በፈረንጆቹ ቀን ይቁጠሩ፤ ለቤተሰብዎ በስልክ የነገሩት የኢትዮጵያ ቀንና በውሉ ላይ ያለው ቀን ተደበላልቆ የማመልከቻ ጊዜ እንዳያልፍብዎ።

ሳዑዲ ላለ መምህር ሌላ በጣም የሚጠቅም አንቀጽ አለ። የውጭ ዜጋ ውል ጊዜው የተወሰነ ነው። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካቋረጠው፣ በውሉ ውስጥ የተለየ ካሳ ካልተጻፈ በስተቀር፣ የቀሪውን ጊዜ ደመወዝ ይከፍላል፤ ይህም ከ2 ወር ደመወዝ አያንስም። የ2 ዓመት ውል ፈርመው በ14ኛው ወር መጨረሻ ቢሰናበቱ የሚጠይቁት የ10 ወር ደመወዝ ነው ማለት ነው። “የተለየ ካሳ” የምትለዋ ሐረግ ግን ወሳኝ ናት። ብዙ ውሎች ካሳውን በአንድ ወይም በሁለት ወር ደመወዝ ይገድቡታል። ሌላም ጎን አለው፤ ውሉን ሳይጨርስ ያለ በቂ ምክንያት የሚሄድ መምህርም በዚሁ አንቀጽ ይጠየቃል።

ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩ

የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል ወረቀቱን ከማውጣቱ በፊት የራስዎን ስሌት ይያዙ። በኤምሬቶች አንድ ዓመት የሞላ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ያገኛል። “መሠረታዊ” የሚለው ቃል ላይ ያተኩሩ። በወር 10,000 ዲርሃም የሚያገኝ መምህር፣ ከዚህ ውስጥ 4,000ው የቤትና የትራንስፖርት አበል ከሆነ፣ የሚሰላለት በ6,000 ነው። 6,000 ለ30 ሲካፈል በቀን 200፣ በ21 ቀን 4,200፣ በ3 ዓመት 12,600 ዲርሃም። በሙሉ ደመወዙ አስልቶ 21,000 የሚጠብቅ ሰው ተበደልኩ ብሎ በማይረታበት ክርክር ጊዜውን ያጠፋል።

በዚህ ላይ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልወሰዱት የዓመት ዕረፍትና የመመለሻ ትኬት ይጨመራል። ትኬቱን አሠሪው የሚችለው ሌላ አሠሪ ዘንድ ካልገቡና ውሉ በእርስዎ ጥፋት ካልተቋረጠ ነው። የቪዛ፣ የሥራ ፈቃድ ወይም የቅጥር ወጪ ብሎ የሚቀንስ ካለ አይቀበሉ፤ የኤምሬቶች ሕግ ይህን ወጪ በሠራተኛው ላይ መጣል ይከለክላል፤ የእኛው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅም የቪዛና የሥራ ፈቃድ ወጪን በአሠሪው ላይ አድርጓል።

ከእርስዎ የሚጠበቀውን በቶሎ ይጨርሱ። የተማሪዎችን ውጤት፣ መጻሕፍትን፣ ላፕቶፑንና የቤቱን ቁልፍ በፊርማ ያስረክቡ፤ ያስረከቡበትን ወረቀት ይያዙ። የባንክ ብድር ካለብዎ ባንኩን ራስዎ ቀድመው ያነጋግሩ፤ የመጨረሻው ክፍያ ሒሳብዎ ውስጥ ሲገባ ባንኩ ሊይዘው ይችላል፤ ዕዳ ጥሎ መሄድም የጉዞ እገዳ ሊያስከትል ይችላል። “በከተማው ሌላ ትምህርት ቤት አላስተምርም” የሚል አንቀጽ ፈርመው ከሆነ ብዙ አይጨነቁ፤ በኤምሬቶች ይህ ገደብ ከ2 ዓመት አይበልጥም፤ አሠሪው ሕጉን ጥሶ ካሰናበተዎት ደግሞ አይጸናም።

ገንዘቡ ሳይገባ “ሁሉንም ተቀብያለሁ” ብለው አይፈርሙ

በመጨረሻው ቀን አንድ ወረቀት ይቀርብልዎታል፤ መብቴን ሁሉ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም የሚል ነው። ገንዘቡ ባንክ ሳይገባ አይፈርሙበት። ግድ ከሆነብዎ ከፊርማዎ በላይ “ክፍያው ገና አልደረሰኝም” ብለው ቀኑን ይጻፉና ፎቶ ያንሡት። ኤምሬቶች ውስጥ ክፍያው ውሉ ባለቀ በ14 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ሳዑዲ ደግሞ አሠሪው ካሰናበተ በአንድ ሳምንት ውስጥ። ፓስፖርት መያዣ ሊሆን አይችልም፤ ኤምሬቶች ውስጥ አሠሪ የሠራተኛን ሰነድ መያዝ ተከልክሏል።

የሥራ ልምድ ማስረጃ በነፃ የማግኘት መብት አለዎት። እዚያው ሳሉ በዚያ አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲያችን ወይም በቆንስላችን ያረጋግጡት። ባሕር ዳር ከደረሱ በኋላ ማኅተም ለማግኘት በሰው በሰው መላክ እጅግ አድካሚ ነው፤ ያልተረጋገጠ ማስረጃ ደግሞ ለደረጃ ዕድገት አይያዝልዎትም።

ካልከፈሉዎት አቤቱታውን በኤምሬቶች ለሰው ኃይልና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር፣ በሳዑዲ ለሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር ያቅርቡ። ኤምሬቶች ውስጥ እስከ 50,000 ዲርሃም ያለውን ክርክር ሚኒስቴሩ ራሱ ይወስናል፤ ጥያቄ ማቅረቢያው ጊዜም ሥራው ከተቋረጠ 2 ዓመት ነው። ሳዑዲ ግን 12 ወር ብቻ ነው። ክርክሩ ሳያልቅ መመለስ ግድ ከሆነ እዚያው ለሚያምኑት ሰው ውክልና ሰጥተው ይውጡ። በዱባይና በጅዳ ቆንስላ፣ በአቡ ዳቢና በሪያድ ኤምባሲ አለን፤ ቢያንስ ጉዳይዎን ያስመዝግቡ።

አገር ቤት የቀረው ውል

በኤጀንሲ ሄደው ከሆነ መጀመሪያ ኤጀንሲው ዘንድ ይቅረቡ። ኤጀንሲዎች ለሠራተኞች መብት ማስከበሪያ የሚሆን የገንዘብ ዋስትና ያስይዛሉ፤ ችላ ካሉዎት ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ማመልከት ይቻላል፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ የክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮ አለ። የጸደቀውን ውል፣ የስንብት ደብዳቤውንና ስሌትዎን ይዘው ይሂዱ።

ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስደው የወጡ ከሆነ ፈቃዱ እስኪያልቅ አይጠብቁ። ውጭ ሳሉ፣ ሥራው እንደተቋረጠና መመለስ እንደሚፈልጉ ለመሥሪያ ቤትዎ የሰው ሀብት ክፍል ይጻፉ። የፈቃዱ ቀን ካለፈ በኋላ መጥቶ ማስረዳት በጣም ይከብዳል።

ዋሱን ግን ከሁሉም በላይ አስቡልኝ። በመንግሥት ወጪ ሁለተኛ ዲግሪ ተምረው፣ የአገልግሎት ግዴታውን ሳይጨርሱ የሄዱ ጥቂት አይደሉም። የፈረመላቸው ደመወዝተኛ ዘመድ ነው፤ ታላቅ ወንድም፣ አጎት፣ አብሮ ያስተማረ ጓደኛ። ሥራው ሲቋረጥ መምህሩ አፍሮ ስልኩን ይዘጋል፤ የፍርድ ቤቱ መጥሪያ ግን ዋሱ ቤት ይደርሳል። እንዲህ አይሁን። አጎትዎ ከሆኑ፣ “ጋሼ፣ ሥራው ተቋርጧል፤ የፈረሙልኝን ጉዳይ እንዴት እንደምጨርሰው ልንገርዎት” ብለው ዛሬውኑ ይደውሉ።

ከዚያ የዋስትና ውሉን ቅጂ አውጥተው ያንብቡ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 መሠረት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ኃላፊነቱ ከዚያ መጠን አያልፍም። ጊዜ ያልፍበታል ብሎ መተው አያዋጣም፤ የውል ክስ በመርህ ደረጃ የሚታገደው 10 ዓመት ሲሞላው ነው። ዋሱ ቢከፍል እንኳ ገንዘቡን ከእርስዎ የመጠየቅ መብት አለው፤ ስለዚህ ዕዳው ከቤተሰቡ አይወጣም።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው፤ ተመልሶ ቀሪውን ዘመን ማገልገል፣ ወይም ቀሪው ተሰልቶ በየወሩ ለመክፈል በጽሑፍ መስማማት። የተመለሰ መምህር የመጀመሪያው በእጁ ነው። መሥሪያ ቤቱ ያገለገሉበትን ጊዜ ቀንሶ እንዲያሰላ በማመልከቻ ይጠይቁ፤ ማመልከቻዎን መዝገብ ቤት አስገብተው ቁጥርና ቀን ያስጽፉበት። ግዴታው ሲጠናቀቅ ሁለት ደብዳቤ ያስፈልግዎታል፤ አንዱ የእርስዎ ክሊራንስ፣ ማለትም ከዕዳና ከግዴታ ነፃ መሆንዎን የሚገልጽ፣ ሁለተኛው ዋሱ ከኃላፊነት ነፃ መሆኑን የሚገልጽ። የሁለተኛውን ዋናውን ቅጂ ለዋሱ በእጁ ይስጡት።