ያገለገለ መኪና በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲገዛ፦ የማጭበርበር ምልክት፣ ምክንያትና መፍትሔ

መካኒክ ይዞ መሄድ፣ ቦሎ ማየት፣ ሞተሩን በቀዝቃዛው ማስነሳት ሁሉም የሚያውቀው ነው። እዚህ የምናነሳው የመኪናውን ጤና ሳይሆን ገንዘቡን ነው፤ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያና ከከሚሴ ገዢዎች እጅ በስልክ ወጥቶ የሚቀረውን።

ምልክት፦ ዋጋው ከገበያው እጅግ ያነሰ ነው፤ ሻጩ ግን መኪናውን ማሳየት አይችልም።

ምክንያት፦ መኪናው የለም። ፎቶው ከሌላ ሰው ማስታወቂያ የተወሰደ ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ ደህና ቪትዝ ገዢ አጥቶ የሚረክስ ዕቃ አይደለም። ሻጭ ነኝ ባዩ «ከአገር ልወጣ ነው» ወይም «ለሕክምና ቸኩዬ ነው» ይላል። ስማችሁን አይቶ ወይ ወላሂ ይላል ወይ በማርያም ይምላል።

መፍትሔ፦ ፎቶውን በጉግል ሌንስ (ያው ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሌላ የት እንዳለ በሚያሳየው መፈለጊያ) ፈልጉት። መሪው በቀኝ በኩል ከሆነ ፎቶው ከሌላ አገር የመጣ ነው ብላችሁ ተነሡ። ከዚያ ሻጩ የዛሬን ቀንና የእናንተን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ፣ የፊት መስታወቱ ላይ ከቦሎው አጠገብ አድርጎ፣ በቪዲዮ ጥሪ ከታርጋው እስከ ሞተር ክፍሉ ሳያቋርጥ ያሳያችሁ። ተቀርጾ የተላከ ቪዲዮ አይበቃም፤ የሌላ ሰው ቪዲዮ ማስተላለፍ ቀላል ነው። «ኔትወርክ የለም» ካለ፣ ኔትወርክ እስኪመጣ ብሩም ይቆይ።

«መኪናው ኮምቦልቻ ጉምሩክ ነው፣ በሐራጅ በርካሽ እናወጣላችኋለን» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ከተማው ደረቅ ወደብም ጉምሩክም ስላለው ወሬው ያሳምናል። የጉምሩክ ሐራጅ ግን በይፋ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ማስያዣውም በግለሰብ ቴሌብር አይከፈልም።

ምልክት፦ «ሦስት ሰው እየጠበቀኝ ነው፤ 20,000 ብር ቀብድ ካስገባህ እስከ ቅዳሜ አቆይልሃለሁ።»

ምክንያት፦ ያንኑ ቅዳሜ ለሃያ ሰው ሸጦታል። አንዳንዱ ሕግ ይጠቅሳል፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ቢተው እጥፉን ይመልሳል። አንቀጹ እውነት ነው። ግን እጥፍ የሚመልሰው ስሙና አድራሻው የታወቀ ሰው እንጂ የቴሌግራም ስም አይደለም።

መፍትሔ፦ ቀብድ የሚሰጠው መኪናው በዓይን ከታየ በኋላ፣ በጽሑፍ፣ ምስክር ባለበት፣ ሊብሬው ላይ ላለው ሰው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ታርጋው፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ ስም የሚዛወርበት ቀን፣ እንዲሁም «ዕዳ ወይም እገዳ ቢገኝበት ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባ።

ምልክት፦ መኪናውን አይታችኋል፣ ነድታችኋል፣ ሊብሬውንም በእጃችሁ ይዛችኋል፤ ግን «እዚያ ካለው ሰውዬ ጋር ስለ ዋጋ አታውሩ» ተብላችኋል።

እየደጋገመ የሚመጣው ይህ ነው። ጠንቃቃውንም የሚጥለው መኪናውም ሊብሬውም እውነተኛ ስለሆኑ ነው።

ምክንያት፦ መካከል ላይ የማይታይ ሦስተኛ ሰው አለ። እንበል አንድ የደሴ ሰው ያሪሱን 1,600,000 ብር ብሎ አወጣው። አጭበርባሪው ይደውልለታል፦ «ጋሼ፣ በዋጋው ተስማምቻለሁ፤ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ወንድሜ መጥቶ ያይልኛል። ስጦታ ስለሆነ ዋጋ እንዳይነግሩብኝ።» ወዲያው ያንኑ ፎቶ በ1,300,000 ብር ይለጥፋል። የወልዲያ ገዢ ሲደውል ደግሞ፦ «ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ መኪናው ደሴ አጎቴ ጋ ነው፣ ሊብሬውም በእሱ ስም ነው። ዋጋ ካነሳህበት ድርሻ ይጠይቀኛል።»

ሁለቱ ፒያሳ ይገናኛሉ። ሁለቱም ጨዋ ናቸው፣ ሁለቱም ቃላቸውን ጠብቀው ስለ ዋጋ ዝም ይላሉ። ገዢው በስልክ ወደተላከለት ሒሳብ ብሩን ያስገባል። ሻጩ ጋ የሚደርሰው የተሠራ ደረሰኝ ነው። ከዚያ አንዱ «ቁልፉን ስጠኝ»፣ ሌላው «ብሬ የታል?» ይላል፣ እርስ በርስ ሌባ እየተባባሉ ፖሊስ ጣቢያ ይገባሉ። ሻጩ አምስት ሳንቲም ስላልደረሰው መኪናውን አይለቅም። የሦስተኛው ሰው ስልክ ያኔ ተዘግቷል። በቀል የሚወርደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም በማያውቅ ደላላ ላይ ነው። ሁለቱን ወገን ፊት ለፊት ሳያነጋግር በስልክ ብቻ የሚያሯሩጥ ደላላም ግን ለዚህ በር ይከፍታል፤ ኮሚሽን የሚከፈለው ለማገናኘት ነው።

መፍትሔ፦ ቁልፉን የያዘውን ሰው፣ ስልካችሁን ኪስ ከትታችሁ፣ ፊት ለፊት ሁለት ነገር ጠይቁት፦ «ጋሼ፣ በስንት ነው የሚሸጡት? ብሩስ የሚገባው በማን ስም ነው?» መልሱ በስልክ ከተነገራችሁ ጋር ካልገጠመ ግዢው እዚያው ይቁም። «አታውሩ» የተባለውን ማውራት ነውር አይደለም፤ ማጭበርበሩ የሚኖረው በዝምታው ነው።

ቀጥሎ ሊብሬውን፣ መታወቂያውንና የባንክ ሒሳቡን ስም ጎን ለጎን አድርጋችሁ እስከ አያት አንብቡ። ቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ ፒን ከመጠየቁ በፊት የተቀባዩን ስም ያወጣል። ያችን መስመር ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የተጭበረበሩት አብዛኞቹ ስሙን አይተውታል፣ «የሚስቱ ይሆናል» ብለው ነው የተጫኑት። የሚስቱ ከሆነ ሚስቱ መጥታ ትፈርም፤ ያገባ ሻጭ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልገዋልና። ጠቅላላ ክፍያው ውሉ ሕጋዊ ቦታ ከተፈረመ በኋላ፣ ከሻጩ ጋር አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ገብታችሁ ይፈጸም። ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ የደረሰኝ ፎቶ ገንዘብ አይደለም፤ ቁልፉ የሚሰጠው የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ብሩን ስታዩ ነው።

ምልክት፦ የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል፣ ቁጥሩ ያለበት ቦታ ቀለም ግን ከዙሪያው ልዩ ነው።

ምክንያት፦ ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና የተመታ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔ፦ በሀይሉክስ ቁጥሩ በቀኝ የፊት ጎማ አጠገብ የሻንሲው ብረት ላይ ተመትቷል፤ በትንንሾቹ ቶዮታዎች እንደ ሞዴሉ የሞተር ክፍሉ የኋላ ግድግዳ ወይም የፊት ወንበር ምንጣፍ ሥር ይገኛል። በጣታችሁ ዳስሱት፦ ጥልቀቱ የተለያየ፣ መስመሩ የተዛነፈ፣ ዙሪያው የተሞረደ ወይም ብየዳ ያለው ከሆነ ተዉት። ባለ 17 ቁምፊ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ፊደላት አይገቡም። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ ግን አጭርና መካከሉ ላይ ሰረዝ ያለው ቁጥር ስላለው በዚያ አትደንግጡ።

በውክልና የሚሸጥ፦ ወረቀቱ መሸጥ፣ ስም ማዛወርና ገንዘብ መቀበል የሚሉትን በግልጽ ይያዝ። ያልተሻረ መሆኑን የሰጠው መሥሪያ ቤት ያረጋግጥ። ወካዩ ከሞተ ውክልናውም ያበቃል፤ ስለዚህ ወካዩን በቪዲዮ አነጋግሩት።

«ሊብሬው በጦርነቱ ጠፋ»፦ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ንብረት ተዘርፏል። እውነት ከሆነ ባለቤቱ ምትኩን የመኪናው ፋይል ካለበት ቢሮ ያውጣ፣ ከዚያ ይሽጥ።

ዕዳና እገዳ፦ በፎቶ የተላከ ማረጋገጫ አትቀበሉ። ፋይሉ አዲስ አበባ ከሆነ የምታምኑትን ሰው ላኩ።

ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና፦ ቀረጡ ሳይከፈል የቀረጥ ነፃ መብት ወደሌለው ገዢ ስሙ አይዛወርም።

ብሩ ከሄደ፦ ደቂቃ አታባክኑ። መጀመሪያ ባንኩን ወይም ቴሌብርን ደውላችሁ የግብይት ቁጥሩን በመንገር ሒሳቡ እንዲታገድ ጠይቁ፤ ከዚያ ፖሊስ። በቴሌግራም ሌላው ወገን መልእክቱን ከእናንተም ስልክ ላይ ማጥፋት ስለሚችል፣ ከመሳደባችሁ በፊት የንግግሩን፣ የስልክ ቁጥሩንና የሒሳብ ቁጥሩን ስክሪንሾት አንሡ። ለፖሊስ ስትጽፉ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ጥቀሱ። በማግስቱ «ብራችሁን እናስመልሳለን፣ የአገልግሎት 3,000 ላኩ» የሚል ይደውላል፤ ቁጥሩን ለፖሊስ ስጡ እንጂ ብር አትላኩ።